የታኅሣሥ ልጆች፦ ስለ ወሩ ኮከቦች፣ የልደት ድንጋዮችና በዓላት

(በድሬዳዋ ከተማ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ወጣቶች፤

ዛሬ የምናገርበት ርእስ በአዳራሽ ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ በየቤታችን ግን ዘወትር ይነሣል። በታኅሣሥ የተወለደ ሰው ኮከቡ ምንድን ነው? የልደት ድንጋዩና አበባውስ? ወሩ ራሱ የሚታወቀው በየትኞቹ በዓላት ነው? ወጣቶቻችን የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ከስልካቸው ያነብባሉ፤ ወደ ከፊራ ወይም ወደ ታይዋን ገበያ ወርደውም የኮከባቸው ምስል የተቀረጸበትን ሐብል ይፈልጋሉ። ከዚያም አልፎ፣ ለትዳር ሲተያዩ ስለ ኮከብ የሚጠያየቁ አሉ። ይህን ጉዳይ ንቆ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ሰው የተወለደበትን ቀን ከሰማይ፣ ከምድርና ከወገኑ ጋር አያይዞ ማየት መውደዱ እጅግ የቆየ ጠባዩ ነውና፣ ነገሩ በጥንቃቄ ሊነገር ይገባዋል። ጥንቃቄ የምለውም በመጀመሪያ ቀኑን በትክክል መቁጠርን፣ ቀጥሎም እያንዳንዱን ምልክት ማን፣ መቼና ለምን እንደ ሠራው ማወቅን ነው።

ከቀኑ ልጀምር። ታኅሣሥና ዲሴምበር አንድ ወር አይደሉም። በተለመደው ዓመት ታኅሣሥ 1 የሚውለው ዲሴምበር 10 ነው፤ ታኅሣሥ 30 ደግሞ ጃንዋሪ 8 ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ሲታይ፣ ዲሴምበር ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 22 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል ማለት ነው። ኅዳር 25 የተወለደች ልጅ የዲሴምበር ልጅ ስትሆን፣ ታኅሣሥ 25 የተወለደ ወንድሟ ግን የጃንዋሪ ልጅ ነው። የልደት ድንጋይና አበባ የሚመደቡት በፈረንጆቹ ወር ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ ተከታዩ ዘመነ ዮሐንስ በአንድ ቀን ይገፋል፤ ያን ጊዜ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 11 ይውላል። የልደት በዓል በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የሚከበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ታኅሣሥ በእኛ ዘንድ አራተኛ ወር ነው። «19/4/1995» ተብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈን የልደት ቀን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የለመደ ዐይን ኤፕሪል 19 ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛው ቀን ግን ዲሴምበር 28 ቀን 2002 ነው። በዚህ አነባበብ በቁልቢ ገብርኤል ዕለት የተወለደው ልጅ በወረቀት ላይ የፀደይ ልጅ ይሆናል፤ ኮከቡም ከጀዲ (ካፕሪኮርን) ወደ ሐመል (ኤሪስ) ይለወጣል። ኮከቡ ቢለወጥ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ የትምህርት ማስረጃውና የጉዞ ሰነዱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ግን ልጁ ለዓመታት ይንገላታል። ስለዚህ ቅጽ ስንሞላ የወሩን ስም በፊደል እንጻፍ፤ የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀምንም አብረን እንግለጽ።

አሁን ወደ ሰማይ እንመልከት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በተለመደው አከፋፈል፣ ከኅዳር 13 አካባቢ እስከ ታኅሣሥ 12 የተወለደ ሰው ኮከቡ ሳጁታሪየስ፣ በእኛ ስያሜ ቀውስ፣ ቀስተኛው ነው። ከታኅሣሥ 13 እስከ ጥር 11 የተወለደው ደግሞ ካፕሪኮርን፣ በእኛ ስያሜ ጀዲ፣ ፍየሉ ነው። ድንበሩ ከዓመት ዓመት በአንድ ቀን ሊዛነፍ ስለሚችል፣ ታኅሣሥ 12 ወይም 13 የተወለዱ ሰዎች የተወለዱበትን ዓመት ሳያዩ አንዱን ቆርጠው መያዝ አይችሉም። የጀዲ ወቅት ቁልቢን፣ ገናንና ጥምቀትን በሙሉ እንደሚይዝ ልብ በሉ፤ የመጨረሻው ቀን ጥር 11 ራሱ የጥምቀት ዕለት ነው።

ይህን አከፋፈል የሠሩት በዛሬዋ ኢራቅ የነበሩት የባቢሎን ሰማይ ተመልካቾች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት አካባቢ፣ ፀሐይ በዓመት የምትዞርበትን የሰማይ መንገድ እያንዳንዱ 30 ዲግሪ በሆነ 12 እኩል ክፍል ከፈሉት። ጀዲ በእነርሱ ዘንድ ከፊቱ ፍየል፣ ከኋላው ዓሣ የሆነ ፍጡር ነበረ፤ የጥልቁ ውኃና የጥበብ አምላክ ብለው ከሚያመልኩት ከኤአ ጋርም ያያይዙት ነበር። ዛሬ በሐብሎቻችን ላይ የምናየው ዓሣ ጅራት ያለው ፍየል ከዚያ ዘመን የወረደ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ቶለሚ ይህን ዕውቀት አደራጅቶ በግሪክኛ ጻፈው፤ ከዚያም ወደ ዐረቡ ዓለም ተሻገረ። እኛ ዘንድ የደረሱት ስሞች፣ ሐመል፣ ሰውር፣ አሰድ፣ ሚዛን፣ ቀውስ፣ ጀዲና ሌሎቹም የዐረብኛ ስሞች መሆናቸው የዕውቀቱን መንገድ ያሳያል፤ ሐረር ላይ ዐረብኛ የሚያነብ ማንኛውም ሰው ሳይተረጎምለት ይረዳቸዋል።

ብዙ ሰው ያልተነገረው ነገር ቢኖር ግን የሰማዩ ሰሌዳ ከዚያ ዘመን ወዲህ መንቀሳቀሱ ነው። የምድር ዘንግ በ25,800 ዓመት ገደማ አንድ ዙር እየዞረ ስለሚያዘነብል፣ የፀሐይ ቦታ ከከዋክብቱ አንጻር በየ72 ዓመቱ ወደ አንድ ዲግሪ ያህል ይሸሻል። ባለፉት ሁለት ሺህ ዓመታት የተጠራቀመው ልዩነት አንድ ሙሉ ኮከብ ያህል ሆኗል። ስለዚህ በቁልቢ ገብርኤል ዕለት ፀሐይ ያለችው በፍየሉ ከዋክብት መካከል አይደለም፤ በቀስተኛው ውስጥ ናት። ወደ ፍየሉ የምትገባው ከጥምቀት በኋላ ነው። እንዲያውም ከኅዳር 20 ገደማ እስከ ታኅሣሥ 8 አካባቢ የምታልፈው ከ12ቱ ዝርዝር ውጪ በሆነው፣ እባብ የያዘ ሰው ተደርጎ በሚሣለው በኦፊዩከስ በኩል ነው። ባቢሎናውያን የተዉትን ሰሌዳ ሳናርም እንደያዝነው ያወቀ ሰው፣ «ጀዲ ስለሆንሁ ግትር ነኝ» ከማለቱ በፊት ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። እኔም ኮከብ የሰውን ጠባይና ዕጣ ይወስናል የሚለውን አልቀበልም፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ሆኑ የእስልምና ሊቃውንት በዚህ ረገድ የሚያስተምሩት ተመሳሳይ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። በአገራችን ኮከብ ቆጠራ ሲባል የኖረው በልደት ቀን ላይ የተመሠረተ አይደለም። በዐውደ ነገሥት ሥርዓት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይተመናሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የሚተርፈውም ቁጥር ኮከቡን ያመለክታል። እንግዲህ አንዲት አያት ስለ ሙሽሮቹ «ኮከባቸው ገጥሟል» ስትልና የልጅ ልጇ ስልኩን ከፍቶ «ካፕሪኮርን ነኝ» ሲል፣ የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ስሌቶች ነው። በአንዱ ስሌት ታኅሣሥ 20 የተወለደ ሰው በሌላው ሸርጣን ወይም ሑት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቀላቅሎ መፍረድ፣ በተለይም ለትዳር የተፈላለጉ ወጣቶችን በዚህ ምክንያት ማለያየት፣ ከልብ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። ከዚህ ፈጽሞ ተለይቶ መታየት ያለበት ባሕረ ሐሳብ ነው። ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ ስሌት አጽዋማትንና በዓላትን ያስገኛል፤ የማንንም ዕጣ አይናገርም። ልጆቻችን ስለ ሰማይ አቆጣጠር እንዲያውቁ የምንፈልግ ከሆነ ከዚህ ብንጀምር እመርጣለሁ።

ሰማዩን ራሱን ማየት ለሚወድ ታኅሣሥ ለድሬዳዋ ሰው ምቹ ወር ነው። ሐሩሩ ይበርዳል፤ ዝናብ ስለማይኖር ሰማዩም ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። በታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ጀሚኒድስ የተባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች በብዛት ይታያሉ፤ ፋየቶን ከምትባለው አስትሮይድ የተረፈ ፍርስራሽ ከአየራችን ጋር ሲጋጭ የሚበሩ ናቸው። ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጨረቃ በሌለችበት ያየ ሰው ድካሙ ይካሳል። ሌሊቱ እጅግ የሚረዝመው ደግሞ ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ላይ ነው። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ትንሽ ነው፤ በድሬዳዋ የዚያ ቀን ብርሃን ወደ 11 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ይሆናል፤ በለንደን ግን ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፈረንጆች ለዚህ ወር የሰጧቸው ምልክቶች፣ የማይረግፈው ሆሊና በብርድ የሚያብበው ናርሲስ፣ የተመረጡት ጨለማና በረዶ በበዛበት አገር ስለሆነ ነው። እኛ በጋ ላይ ሆነን ስንቀበላቸው ምክንያታቸው አብሮ አይመጣም። በየግቢው የምናየውና ላይኛው ቅጠሉ በገና ሰሞን የሚቀላው ተክል ግን ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። መነሻው ሜክሲኮ ሲሆን፣ ለመቅላት የሌሊቱን መርዘም ይጠብቃል፤ ከታኅሣሥ ጋር የሚገናኘውም በዚሁ ነው።

ስለ ድንጋዮቹ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ገንዘብ የሚወጣባቸው ናቸውና። ሰዎች የልደት ድንጋይ ከጥንት የወረደ ሥርዓት ይመስላቸዋል። እርግጥ ሥሩ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 በአሮን ልብሰ እንግድዓ ላይ 12 የከበሩ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍም እነዚያን ድንጋዮች ከወራትና ከ12ቱ ኮከቦች ጋር አያይዟቸዋል። ዛሬ በየሱቁ የሚታየውን ዝርዝር የወሰነው ግን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1912 በአሜሪካ የተሰበሰበው የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ለዲሴምበር መጀመሪያ የተሰጡት ተርኮይዝ፣ በዐረብኛው ፌሩዝ የሚባለው፣ እና ላፒስ ላዙሊ ነበሩ። በ1952 ላፒስ ወጥቶ ዚርኮን ገባ፤ በ2002 ደግሞ ታንዛናይት ተጨመረ። ዝርዝሩ እየታየ ሲሻሻል የመጣው በነጋዴዎች ስብሰባ ነው፤ ይህን ማወቅ የድንጋዮቹን ውበት አይቀንስም።

ውበታቸውማ ትልቅ ነው። ፌሩዝ የመዳብና የአሉሚኒየም ፎስፌት ሲሆን ሰማያዊነቱን የሚያገኘው ከመዳቡ ነው፤ የጥንት ግብፃውያን በሲና በረሃ ያወጡት ነበር። ዚርኮን በምድር ላይ ከተፈጠሩትና ዕድሜያቸው ከታወቀው ማዕድናት ሁሉ በዕድሜ የገፋው ነው፤ በአውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የተገኘው ቅንጣት 4.4 ቢሊዮን ዓመት ይሆነዋል። ታንዛናይት ደግሞ በ1967 በጎረቤታችን በታንዛኒያ፣ አሩሻ አጠገብ በሜሬላኒ ተገኘ፤ እስከ ዛሬም በንግድ ደረጃ የሚወጣው ከዚያች ጠባብ ሥፍራ ብቻ ነው። በእኛዋ ወሎ በወገልጤና የሚወጣው ኦፓል በዝርዝሩ ለኦክቶበር ስለተሰጠ፣ ለታኅሣሥ ልጅ ከምሥራቅ አፍሪካ የደረሰው ይህ ሰማያዊ ድንጋይ ነው። ታኅሣሥ 23 እና ከዚያ በኋላ ለተወለዱት ግን ድንጋያቸው የጃንዋሪው ቀይ ጋርኔት መሆኑን እንዳትረሱ።

ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። «ዚርኮን» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ነጭ አንጸባራቂ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ነው፤ ፋብሪካ የሚሠራው የዚርኮኒየም ኦክሳይድ እንጂ ከምድር የወጣው ዚርኮን አይደለም። «ፌሩዝ» ተብሎ የሚቀርበውም ሃውላይት የተባለ ነጭ ድንጋይ በሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ሊሆን ይችላል። ሰው ሠራሹን ወድዶ መግዛት ነውር የለውም፤ ዋጋውና ስሙ ግን እውነቱን ይናገሩ።

አሁን የወሩ ክብደት ወደሚገኝበት፣ ወደ በዓላቱ እንምጣ። በኢትዮጵያ የአንድ ሕፃን ልደት ምልክት ሆኖ የኖረው ድንጋይም አበባም ሳይሆን በዓል ነው፤ የሚጻፈውም በስሙ ላይ ነው። በገና የተወለደው ልደቱ ይባላል፤ በታኅሣሥ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ዕለት የተወለደው ተክሌ ወይም ተክለ ሃይማኖት ይባላል፤ በ19 የተወለደውም በገብርኤል ስም ይጠራል። በሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ ረመዳን፣ ሸዕባን፣ ረጀብና ጁምዓ የሚሉት ስሞች ልጁ የተወለደበትን ጊዜ ይዘው ይኖራሉ። ከሐብልና ከቀለበት ሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ይህ ልማድ ነው፤ ልጁን ከወሩ ጋር ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን ከተሰበሰበው ሕዝብ ጋርም ያስተሳስረዋልና።

ወሩ የሚጀምረው ኅዳር 15 በገባው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። ታኅሣሥ 3 በዓታ ለማርያም ይከበራል። ከ7 እስከ 13 ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ኖላዊ ተብለው ሳምንቶቹ በየተራ ይመጣሉ፤ በ29 የጌታ ልደት ይሆናል። የፈረንጆቹ ገና ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው። ሁለቱ የሚለያዩበት የ13 ቀን ልዩነት በጎርጎርዮሳዊውና በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት እንጂ የእምነት ክርክር አይደለም። በፈረንጆቹ 2100 ልዩነቱ 14 ቀን ስለሚሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት የልጅ ልጆቻችን ታኅሣሥ 29ን በጃንዋሪ 8 ያከብራሉ፤ ዛሬ የሰጠኋችሁ የቀን ማመሳከሪያም ያን ጊዜ ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። ስለ ገና ጨዋታ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ለዚህች ከተማ ግን ታኅሣሥ ማለት ከሁሉ በፊት ታኅሣሥ 19 ነው። ሠለስቱ ደቂቅ፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ ናቡከደነፆር ካነደደው እሳት በመልአኩ መዳናቸው የሚታሰብበት ቀን ነው። የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት የሐረርጌ ገዥ የነበሩት ራስ መኮንን ናቸው፤ ከዓድዋ ድል በኋላ፣ እንደ ምስጋና። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ዳገት ወጥቶ በስተ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ሰሞን ከመላ አገሪቱና ከውጭ አገር የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል። ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ፣ በጀርባቸው ድንጋይ ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡ፣ ጥላና ጧፍ፣ ወርቅና ከብት ይዘው ስለታቸውን የሚያገቡ ሰዎች ይታያሉ። ከዓመት በፊት ልጅ ለማግኘት የተሳለች እናት ያገኘችውን ሕፃን ታቅፋ ለክርስትና ታመጣዋለች። በዚያ ቀን ለዚያ ሕፃን የሚሰጠው ስም፣ ምልክት ከተባለ፣ የእናቱ ዕንባና የሺሕ ሰው ጸሎት ያለበት ምልክት ነው።

ይህ የክርስቲያኖች በዓል ቢሆንም፣ መንገደኛውን ከሌሊት ጀምሮ የሚያጓጉዘው፣ ውኃና ሻይ የሚያቀርብለትና የሚያሳድረው ግን የድሬዳዋ ሰው ሁሉ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። የእስልምና ወራት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ በዓላቱም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳሉ። በሐረር የሚከበረውና በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት በዲሴምበር 2023 የተመዘገበው ሹዋሊድም የሸዋል ስድስት ቀን ጾም እንዳበቃ ስለሚውል ከጨረቃው ጋር ይዞራል። ስለዚህ የሙስሊም በዓላት ለታኅሣሥ ቋሚ ጎረቤት አይደሉም፤ በየተወሰነ ጊዜ ግን ይገናኛሉ። በ1993 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥርና ቁልቢ ገብርኤል በአንድ ሳምንት ውስጥ ውለዋል።

ያን የመሰለ ግጥጥም ሊመለስ ጥቂት ዓመታት ቀርተውታል። በሥነ ፈለክ ስሌት መሠረት በ2022 ዓ.ም. የረመዳን ጾም ከገና በዓል ጋር ተቀራርቦ፣ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ከቁልቢ ገብርኤል ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀድሞ ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል፤ ትክክለኛዋን ዕለት የምትወስነው ጨረቃ ናት። ያን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ቁልቢ የሚወጣው ሕዝብ በከተማችን ያልፋል፤ በዚያው ሳምንት ሌላው ሕዝባችን ቀኑን በጾም ውሎ ማታ ያፈጥራል። ሾፌሩ ራሱ ጾመኛ ሆኖ ተሳላሚ የሚያጓጉዝበት፣ የከፊራ ነጋዴ ለሁለቱም የሚሸጥበት ሰሞን ይሆናል። የመንገድ ላይ ውኃ፣ የሌሊት ትራንስፖርት፣ የማፍጠሪያ ሰዓትና የማረፊያ ቦታ ከወዲሁ ሊታሰቡ ይገባል፤ የከተማው አስተዳደር፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች ሽማግሌዎች በ2022 ክረምት አንድ ላይ እንዲቀመጡ ከዚህ መድረክ በአክብሮት እጠይቃለሁ።